የላሊ ተውበት

«ቃሬዛው የለም» አላት የመስጊዱ ጠባቂ።

ቃሬዛው ከጀርባው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሳውዳ ቃሬዛውን አየችው፤ ከዚያ ሽማግሌውን አየችው። ሽማግሌው ዞር አላለም። መጥረጊያውን አንስቶ የተጠረገውን ወለል እንደገና ይጠርግ ጀመር።

«ያውና» አለች።

«እሱማ እግሩ ላልቷል።»

«የትኛው እግሩ?»

«ልጄ፣ በሞቴ አታስጨንቂኝ። አጎትሽን ኦማሪን ላኪው፤ ከኮሚቴዎቹ ጋር እሱ ይነጋገር። እኔ ቁልፍ ያዥ ነኝ። ቁልፍ ያዥ ምን ሥልጣን አለው?»

ሳውዳ አባያዋን ሰብሰብ አድርጋ ወጣች። ከነጋ ጀምሮ ባዶ እጇን ስትመለስ ይህ የመጀመሪያዋ አልነበረም። የሰፈሩን ሬሳ የሚያጥቡት ሁለት ሰዎች ቤት ሄዳ ነበር። አንደኛው «ወገቤን ይዞኛል» አላት። የሁለተኛው ሚስት በሩን ሳትከፍት «ማዶ ተሻግሯል» ብላ መለሰቻት፤ የሰውዬው ነጠላ ጫማ ግን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር።

በባሕሩ ዳር ስታልፍ ግንቡ ላይ የተደረደሩት ልጆች ወሬያቸውን አቋረጡ። አንደኛው የክፍሏ ልጅ ነው። ለጓደኞቹ የሚያወራ መስሎ፣ «ሙሽሪትን ማን ያጥባት ይሆን?» አለ።

«ዝም በል እንጂ፣ የእህቱ ልጅ እኮ ናት» አለው ሌላው።

«እና ምን ይጠበስ? ፋራ ነህ አንተ።»

ሳቁ። ከፊታቸው የታሰሩት ጀልባዎች ሸራቸውን ጠቅልለው ይወዛወዛሉ። ከሸራዎቹ ግማሹን የሰፋው ላሊ ነው።

ላሊ የእናቷ ታናሽ ወንድም ነበር። ሳውዳ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ባሕሩ ዳር ካለው ዛፍ ሥር፣ ሸራ ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ ወፍራም መርፌውን በከንፈሩ ይዞ ተቀምጦ ነው የምታውቀው። አላገባም። የሞተር ጀልባ የሚጠግነው ካሪሳ ከባሕሩ ማዶ እየመጣ እሱ ዘንድ ሲያድር ሲከርም ሰፈሩ ሁሉ ያያል፤ ያማል፤ ሸራውን ግን ለላሊ ይሰጣል። አዲስ የመስጊድ ኮሚቴ እስኪመረጥ ድረስ እንዲህ ተኖረ። በሁለተኛው ወር ረመዳን ገባ። ሦስት ሰዎች መጥተው፣ ከዚያ ክርስቲያን ጋር ያለህን ነገር እስክታቆም መስጊድ አትምጣብን አሉት። ላሊ አልተከራከረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ መስገድ ጀመረ። ጉበቱ ታሞ ዓይኑ ቢጫ ሲሆን እህቱ ዘይና ወደ ራሷ ቤት አመጣችው፤ ዛሬ ከንጋት ሰላት በኋላ እዚያው አረፈ።

እናቷ እታች ውሃ ታፈላ ስለነበር በዚያች ሰዓት አጠገቡ የነበረችው ሳውዳ ብቻ ናት። በመድረሳ ከሴቶቹ አንደኛ ናትና የሚያጣጥር ሰው ጆሮ ላይ ምን እንደሚባል ታውቃለች። ሸሃዳውን፣ የእምነት ምስክርነቱን አሰማችው። ተከትሏት አለ፤ ቃሉ ሳይሰበር፣ ጥርት አድርጎ። ከዚያ ፈራች። ስለ ጀሃነም የተማረችው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣባት።

«አጎቴ፣ ተውበት አድርግ» አለችው። «ስለ ካሪሳ። አንዴ ብቻ በል።»

ላሊ ዓይኑን ገለጠ። «ለዋሸሁት፣ ሰው ላስቀየምኩት፣ ለቀረብኝ ሰላት፣ ለዚያ ሁሉ ብያለሁ» አላት እያረፈ። «ለዚህኛው ግን ተጸጽቻለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ጌታዬ ዘንድ ውሸታም ሆኜ አልሂድ።»

ሌላ ነገር አልተናገረም። እጇን ይዞ ነበር፤ ከዚያ እጁ ብቻ ቀረ።

ቤት ስትደርስ ካሪሳ ከደጃፉ ማዶ፣ ጠባቡ መንገድ ላይ ቆሟል። መሞቱን ሳይሰማ ነው በጠዋቷ ጀልባ የመጣው። ላሊ ሌላ ምግብ እምቢ ካለ ወዲህ የእሸት ኮኮናት ውሃ ብቻ ይጠጣ ስለነበር ሁለት ኮኮናት በገመድ አንጠልጥሏል። ማስቀመጥ የረሳው ይመስላል። አህያ የሚነዳ ሰው መጥቶ «መንገድ» ሲለው ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፤ አህያው ሲያልፍ ተመልሶ ቆመ።

«እናትሽ ዛሬ አትግባ አለችኝ» አላት። «ዛሬን ብቻ አለችኝ።»

ሳውዳ ኮኮናቶቹን አይታ ገባች።

ውስጥ አጎቷ ኦማሪ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ቆሟል። የቤቱ የበኩር ልጅ እሱ ነው፤ ከኮሚቴዎቹም አንዱ ነው። ሦስት ሰዎች ወደ ላሊ ሲላኩ አብሮ አልሄደም፤ አትሂዱ ብሎም አልተናገረም። ዘይና ደረጃው ላይ ተቀምጣ አቀርቅራለች።

«ፀሐዩ እየጠነከረ ነው፤ ሬሳው በዚህ ሙቀት አይቆይም» አለች ዘይና። «ኦማሪ፣ ወንድምህ እኮ ነው። አንተ እጠበው።»

«እኔ ባጥበውስ? ማን ይሸከመዋል? መቃብሩን ማን ይቆፍራል? ከኛ መቃብር እንዳይገባ የሚል አለ እኮ። ቀብረነው ብንመለስ በማግስቱ አውጥተው ቢጥሉትስ? ይህን ትፈልጊያለሽ?» ከዚያ ሳውዳን ሲያያት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነይ እስቲ ልጄ። አንቺ ነበርሽ አጠገቡ፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ተውበት አድርጓል። አይደል?»

ሳውዳ አባያዋን አስተካከለች።

«ሼህ ሙሕሲን አሁን ይመጣሉ። ኮሚቴዎቹም አብረዋቸው ናቸው። ከመሞቱ በፊት ተጸጽቶ ከሆነ ያለፈው አልፏል ብለዋል። ሼሁ ራሳቸው ያሰግዱበታል። የሚያስፈልገው የአንድ ሰው ቃል ነው።»

«ሸሃዳ ብሏል» አለች ሳውዳ። «ጥርት አድርጎ ብሏል። ሸሃዳ ያለ ሰው...»

«እሱን ሁሉም ይላል። ከዚያ ነገር ተጸጽቻለሁ ብሏል ወይ ነው ጥያቄው።»

ሳውዳ እናቷን አየቻት። ዘይና ቀና አላለችም፤ የጣቷን ጥፍር በጥፍሯ ትልጣለች።

ጥቂት ቆይታ ስትወጣ ደጃፉ ላይ ባለው የድንጋይ መደብ ሼህ ሙሕሲን በከዘራቸው ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ኮሚቴዎቹ ግራና ቀኝ ቆመዋል። ሳውዳ ፊደል የቆጠረችው እሳቸው ዘንድ ነው። ክፉ ሰው አይደሉም። ልጅ ሳለች ጥቅሱ ሲጠፋባት አይቆጧትም ነበር፤ የመጀመሪያውን ቃል ይነግሯትና ይጠብቋታል።

ኦማሪ ከኋላዋ ወጣና ካሪሳን ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ። «አንተ ሰውዬ፣ አሁንም አልሄድክም? ወደ ቤተ ክርስቲያንህ ሂድ፤ እዚያ ይጸልዩልህ።»

«እነሱም አባረውኛል» አለ ካሪሳ።

ከኮሚቴዎቹ አንዱ ሊስቅ ከጀለና ተወው። ሼሁ ረጋ ብለው ካሪሳን ተመለከቱት።

«እኛ የመጽሐፍ ሰዎች የማንጣላበት ነገር የለም» አሉ። «አይሁዱ በሰንበቱ፣ ክርስቲያኑ በዒሳ፣ እኛ በነቢያችን። በዚህ በናንተ ነገር ግን የሦስቱም ኪታብ ቃል አንድ ነው። እኔ ያመጣሁት አይደለም፣ ልጄ። አምጥቼው ቢሆን ኖሮ ባነሣሁልህ።»

ላሊም ይህንኑ ይል ነበር፤ እሱ ግን እየሳቀ ነው። «ሦስቱን ያስታረቅኩ እኔ ነኝ፤ ሽልማት ይገባኝ ነበር» ይል ነበር መርፌውን በከንፈሩ እንደያዘ።

«ሼህ» አለች ሳውዳ። «እርስዎ አይደሉም እንዴ ያስተማሩን? ሙስሊም ሲሞት ይታጠባል፣ ይከፈናል፣ ይሰገድበታል፣ ይቀበራል። ኃጢአተኛም ቢሆን።»

«እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ፤ ልክ ነው። ማንም ካልፈጸመው የከተማው ሰው ሁሉ ይጠየቅበታል። ሕጉ አልከለከለም። ሰዉ ነው አልነሣም ያለው። ሰዉን ደግሞ በከዘራ አልነዳውም፤ መስጊዱንም ለሁለት ሰንጥቄ አልሞትም።» ወደ እሷ ጎንበስ አሉ። «አንዲት ቃል ከሰሙ ግን ይነሣሉ። አውቃቸዋለሁ። ንገሪያቸው ልጄ፤ ላሊ ተጸጽቷል?»

የመጀመሪያውን ቃል ነገሯት፤ እንደ ድሮው ጠበቁ።

የሐሰት ምስክርነት ከታላላቆቹ ኃጢአቶች አንዱ መሆኑን ሳውዳ ታውቃለች። ባለፈው ሳምንት ለትንንሾቹ ስታስጠና፣ አንዲት ልጅ «ለደግ ነገር ቢሆንስ?» ብትላት «አይሆንም» ብላታለች። ከላይ ላሊ አንሶላ ለብሶ ተኝቷል። ከእግሩ በኩል ዝንብ ማባረር ተጀምሮ ነበር። ማዶ ካሪሳ ቆሟል፤ ከእሷ የሚለየው አንድ አህያ የምታልፍበት ስፋት ብቻ ነው።

«ተጸጽቷል» አለች።

«ከምን?» አለ ከኮሚቴዎቹ አንዱ። «በግልጽ ትናገር።»

«ከ... ከሱ ጋር ከነበረው ነገር።»

«በስሙ ጠርቶ?»

«በስሙ ጠርቶ።»

«ወላሂ በይ።»

ሳውዳ ካሪሳን ላለማየት የሼሁን ከዘራ ጫፍ አየች። «ወላሂ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሼሁ፤ ሌሎቹም ተቀበሏቸው። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በጥድፊያ ሆነ። አንዱ ሮጠ። ማዶ ተሻግሯል የተባለው አጣቢ ባልዲ ይዞ ከመንገዱ ጥግ ብቅ አለ። ወገቡን የታመመው እጅጌውን እየሰበሰበ ደረጃውን ወጣ። ቃሬዛው በአራት ወጣቶች ትከሻ መጣ፤ ከአራቱ አንዱ ግንቡ ላይ የሳቀው የክፍሏ ልጅ ነው። እያለፈ «አላህ ይዘንለት» አላት፤ ከልቡ ነበር።

ግርግሩ ሲያልፍ ሳውዳ ቀና አለች። ካሪሳ የለም። ሁለቱ ኮኮናቶች ቆሞበት ከነበረው ቦታ ግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል።

ላሊ ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ ተቀበረ። መስጊዱ ሞልቶ ውጭ የሰገደ ነበር አሉ። ሴቶች ቤቱን ሞሉት፤ የኮኮናት ሩዝ በድስት በድስት መጣ። በሕይወት ሳለ ደጃፉን ያልረገጡ ሁሉ አልቅሰው ሲያበቁ «አላህ መጨረሻውን አሳመረለት» ይላሉ። አንዷ ለሌላዋ ስትነግር ሳውዳ ትሰማለች፤ ሊሞት ሲል አልቅሶ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ተጸጽቷል፤ የዚያን ክርስቲያን ስም ጠርቶ ረግሞታል። ከአፏ ያልወጣው ሁሉ እየተጨመረ ከክፍል ክፍል ይዞራል።

እናቷን ጓዳ አገኘቻት። ዘይና በሩን መለስ አድርጋ ተጠጋቻት።

«ብሏል ወይ?» አለች።

ሳውዳ አፏን ስትከፍት ዘይና እጇን አነሣች። «ተይው። አትንገሪኝ።»

ፀሐዩ ዘንበል ሲል ሳውዳ በጓሮ በር ወጣች። ካሪሳ የጀልባ መሣፈሪያው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ወደ ማዶ የምትሻገረውን ጀልባ ይጠብቃል። የሽንኩርት ጆንያ የሚጭኑ ሰዎች በላዩ እየተሻገሩ ያልፋሉ።

«ካሪሳ።»

አልዞረም። «ተቀበረ?»

«ተቀበረ። ብዙ ሰው ነበር።»

«ደግ።»

«አላለም» አለች ፈጠን ብላ። «ተውበት አላለም። እኔው ራሴ ለመንኩት፤ እምቢ አለኝ። ስላንተ ተጸጽቻለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል አለኝ። እንዲያጥቡት ብዬ ነው የዋሸሁት።»

አሁን ዞረ። ዓይኑ ደርቋል። ፊቷን ዕቃ እንደሚገዛ ሰው ተመለከተው።

«ቅድም ወላሂ ብለሽ ማልሽ።»

«ዋሽቼ ነው።»

«አሁንስ?»

«እውነቴን ነው።»

«ቅድምም ፊትሽ እንዲሁ ነበር» አለ ካሪሳ። «ያው አንድ ነው። እኔ እንዳልከፋ ብለሽ ይሆናል። ደግ ልጅ ነሽ፤ ሁሌም ደግ ልጅ ነሽ።»

«በምን ልማልልህ?»

«አትማይ። እባክሽ አትማይ።» ወደ ባሕሩ ተመለሰ። «እኔም ብያለሁ እኮ። ማሊንዲ ከተማ፣ እናቴ ፊት። ፓስተሩ እጁን ግንባሬ ላይ ጭኖ፣ ጉባኤው እየጮኸ። ከሎጥ ዘመን ጀምሮ ያለ መንፈስ ነው አለ። ወጥቷል ወይ ሲለኝ ወጥቷል አልኩ። እናቴ በደስታ ወደቀች። ከዚያ ወደ ላሊ ስመለስ አወቁና አባረሩኝ። ሰው ሲጨንቀው ይላል። እሱም ብሎ ይሆናል። አልፈርድበትም።»

«አላለም እያልኩህ ነው።»

«እሺ» አላት፤ ለሕፃን እንደሚባለው እሺ።

ጀልባዋ ደረሰች። ካሪሳ ተነሥቶ ሁለት ጆንያዎች መካከል ገባና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሳውዳ ጀልባዋ ከማንግሮቭ ዛፎቹ ጥግ እስክትታጠፍ ቆመች። እጇን ለስንብት ልታነሣ ብላ ነበር። የሚያይ ሰው መኖር አለመኖሩን ዘወር ብላ ማየቷን ስታውቅ ተወችው።

ጁምዓ ጠዋት ኦማሪ መጣ። የላሊ ቀብር ካለፈ ወዲህ ትከሻው ቀና ብሏል፤ ሰዎች መንገድ ላይ እያስቆሙ እጁን ይጨብጡታል።

«ሼሁ ዛሬ በኹጥባው ስብከታቸው የላሊን ነገር ያነሡታል» አለ። «ለወጣቶቹ ትምህርት ይሆናል ብለው ነው። ከሰላት በኋላ ደግሞ ለሴቶቹ አንቺ ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ። መድረሳው ሙሉ ይጠብቅሻል። አስተማሪሽ ኡስታዛዋ ደግሞ የትንንሾቹን ክፍል ከመጪው ወር ጀምሮ ላንቺ ልትሰጥሽ ነው። ይህን ከኔ እንዳልሰማሽ ሁኚ።»

ሳውዳ ምንጣፉ ላይ ከእናቷ ጋር ሩዝ ትለቅማለች። ያንን ክፍል ሁለት ዓመት ተመኝታዋለች። ትንንሾቹን በስም በስማቸው ታውቃቸዋለች፤ ማን የዓረብኛውን «ዷድ» ፊደል እንደማይችል፣ ማን ስትሳሳት እንደምታለቅስ።

«አልሄድም፣ አጎቴ» አለች።

«እንዴት ማለት?»

«አንዴ ብያለሁ። ሁለተኛ አልልም። ለትንንሾቹም ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

ኦማሪ አያት። ሊቆጣ የተዘጋጀ ፊት ነበር፤ መሐል ላይ ቀረ። የወንድሙን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ነው። ላሊ ምን ሊል እንደሚችል፣ ምን ሊል እንደማይችል መጀመሪያውኑ ያውቅ እንደነበር ሳውዳ በዚያች ቅጽበት ገባት።

«ካልሄድሽ ሰዉ ይጠረጥራል» አለ ቀስ ብሎ።

«ታማለች በላቸው» አለች ዘይና ከሩዙ ቀና ሳትል።

«እስከ መቼ?»

ኦማሪ ጥቂት ቆሞ ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

ጸሎቱ ሲደርስ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ በጣሪያዎቹ ላይ አስተጋባ። ሼህ ሙሕሲን ከአላህ እዝነት ጀመሩ፤ ቀጥለው የሉጥን ሕዝቦች አነሡ፤ ከዚያ የላሊን ስም ጠሩ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። አልቅሶ ነበር አሉ። ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ነበር አሉ።

ዘይና መስኮቱን ልትዘጋ ተነሣች።

«ተይው፣ እማ» አለች ሳውዳ። «ልስማው።»

ዘይና እጇ መዝጊያው ላይ እንዳለ ቆማ አየቻት። ሳውዳ ከሩዙ ጠጠር ለቅማ ጣለች። ሌላ እፍኝ ዘገነች።